የመተማና የገላባት ገበያ፤ ስለ ትናንሽ የብር ገንዘብ ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በዋኽኒ አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ ደጋውን ጨርሶ ቆላውን ሲይዝ በመጨረሻ የሚያርፈው በመተማ ነው። ከመተማ ማዶ ገላባት አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ አንድ ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው። ከገላባት ወዲያ መንገዱ በዶካ አድርጎ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ይባል ወደ ነበረው ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ ከሰላና ወደ ዓባይ ዳር ከተሞች ይሄዳል። ዛሬ ሁለቱ ስሞች የሁለት መንግሥታት ከተሞች መጠሪያ ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ገላባት የአውራጃው፣ መተማም የገበያው ከተማ ስም ነበር። በዚያ ሰፍረው ገበያውን ያቀኑት ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ከምዕራብ አፍሪቃ የመጡት ተክሩሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሁለት ኃያላን መካከል እንደ መኖራቸው መጠን፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር እየከፈሉ ገበያቸውን ለብዙ ዘመን ጠብቀዋል።

ስለ መተማ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የጦርነት ታሪክ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥት የወደቀበት ቦታ ነውና። ነገር ግን ወደዚያ ገበያ ይወርድ የነበረው ሕዝብ ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ ጥጥና ሰም፣ ቡናና ቆዳ፣ ማርና በቅሎ፣ በክፉው ዘመንም ባሪያ ሲሸጥና ሲለውጥ የኖረ ነው። ታላላቆቹ ነጋዴዎች በምን ይከፍሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። አንዲት ሴት አንድ ቍና ማሽላ ወይም ጥቂት በርበሬ ስትገዛ በምን ትከፍል ነበር? የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል። ሆኖም የአንድ መንግሥት ገንዘብ ለድኻው መድረስ አለመድረሱ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

በገበያው ላይ የሚታወቀው ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ማለት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ታላሪ ነበር። ንግሥቲቱ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ፣ በየትኛውም ዓመትና በየትኛውም አገር ይመታ፣ ያንኑ 1780 የሚለውን ቍጥር ይዞ ይወጣል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከዚህም ውስጥ ንጹሑ ብር ከ23 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በአትባራና በገላባት አካባቢ ሲዘዋወር በአገሩ የሚሠራበት ትልቅ ገንዘብ ይህ ብቻ መሆኑን ተመልክቶ ጽፎአል። ሰዎቹ ይህን ገንዘብ የመረጡትም የንግሥቲቱ ደረት ገላጣ ስለ ሆነና መልኳ ስላማራቸው ነው ብሎ ገምቶአል። ይህ ግምት የተጓዥ ጨዋታ እንጂ የነጋዴ ምርመራ አይደለም። ገበያተኛው ብሩን ገልብጦ የሚያየው በራስ ጌጧና በትከሻዋ ማያያዣ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ለመቍጠር፣ ከምስሉም በታች ኤስና ኤፍ የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች መኖራቸውን ለማረጋገጥ ነበር። ዕንቍው የተደመሰሰ ወይም ፊደሉ የጠፋ ብር አይቀበልም ነበር። ማንበብ የማያውቅ ሰው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይበት ዘዴ ስለ ነበረ፣ በእውነቱ እንደ ትምህርት ሊቈጠር የሚገባው ነው።

ይህ ብር ለትልቅ ንግድ ተስማሚ ነበር፤ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አንድ በቅሎ የብዙ ነጋዴ ሀብት ትሸከማለች። ለትንሽ ግዢ ግን ከቶ አይሆንም። ተቈርጦ አይከፈልም፤ የተቈረጠ ጠገራ ዕንቍው ስለማይቈጠር ገንዘብነቱ ቀርቶ አንጥረኛ የሚያቀልጠው ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከብር በታች ያለው ግብይት ሁሉ በሌላ ነገር መፈጸም ነበረበት።

በደጋው ይህን ሥራ የሚሠራው አሞሌ ነበር። ከአፋር ቆላ፣ ከአርሆ የጨው ሜዳ እንደ ሞረድ ተጠርቦ የሚወጣው አሞሌ በ1510ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ መሰከረው ከጥንት ጀምሮ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። ግን አሞሌ ዋጋው በየቦታው ይለያያል፤ ከአርሆ በራቀ መጠን በአንድ ብር የሚገኘው አሞሌ ቍጥሩ እያነሰ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነጋዴው ከመንገድ ስለሚቀር ይወደዳል፤ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ከበቅሎ ጭነት ሲወድቅ ይሰበራል፤ የተሰበረውም በሙሉ ዋጋው አይሄድም። ከዚህም በላይ አሞሌ ራሱ ለድኻ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከአሞሌ በታች ያለው ግዢ በእህል ወይም በጥጥ ለውጥ ይፈጸም ነበር።

በማዶው፣ በሰናርና በዓባይ ዳር አገሮች፣ ችግሩ ያው ሆኖ መልኩ ብቻ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1814 በበርበርና በሸንዲ ያለፈው ስዊሳዊው ቡርክሃርት እንደ ገለጸው፣ ከታላሪ በታች የሚሠራበት ዝርዝር ዳሙር የሚባለው የጥጥ ጨርቅና ማሽላ ነበር። ማሽላው የሚለካው በእፍኝ ነው። እጅ ከእጅ ይለያያልና፣ ገዢና ሻጭ በዋጋ ቢስማሙ እንኳ በእጁ ስፋት ገና ሊከራከሩ ይችላሉ። እንግዲህ መተማ የአሞሌ አገርና የዳሙር አገር የሚገናኙበት በር ነበረች። በሁለቱም ወገን የሚታመነው ጠገራ ብር ብቻ ነበር፤ ጠገራ ብር ደግሞ ትልቅ ነው። በዚህ መካከል የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ለመናገር ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ባለ ሺህ ብሩ ነጋዴ በብር ገዝቶ በብር ይሸጣል። ያመረተችውን ጥቂት ጥጥ ይዛ የመጣችው ሴት ግን ጥጡን በአሞሌ፣ አሞሌውን በማሽላ ስትለውጥ በያንዳንዱ ለውጥ ከእጅዋ ጥቂት ጥቂት ይቀራል።

ይህ ችግር በዚህ አካባቢ ብቻ የደረሰ አይደለም። ገንዘብ በመምታት ብዙ ዘመን ያስቈጠሩ አገሮችም ተቸግረውበታል። ለምሳሌ እንግሊዝ አገርን ማየት ይበቃል። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የሚሠራበት የብር ገንዘብ በተግባር አንድ ብቻ፣ ይኸውም ፔኒ የሚባለው ትንሽ ስስ ብር ነበር። የሚሠራውም በእጅ ነው። ሠራተኛው ተመዝኖ የተቈረጠውን ቅጠል መሰል ብር በሁለት የተቀረጹ የብረት ማኅተሞች መካከል አስቀምጦ የላይኛውን በመዶሻ ይመታል፤ የንጉሡ መልክ በአንድ ወገን፣ መስቀል በሌላው ወገን ታትሞ ይወጣል። ፔኒ ትንሽ ቢሆንም ለእንጀራ ገዢ ትልቅ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በመስቀሉ መሥመር በመቍረጫ እየቈረጠ ግማሽና ሩብ ያደርገው ነበር። ይህንም መንግሥቱ ራሱ ፈቅዶታል። በዚህ ላይ ከጠርዙ ጥቂት ጥቂት እየከረከሙ ብሩን የሚሰርቁ በረከቱ። እ.ኤ.አ. በ1247 ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ መስቀሉ እስከ ጠርዙ እንዲደርስ ያደረጉትም ክርከማው በግልጽ እንዲታወቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1279 ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ገንዘቡን በአዲስ ሲያስመቱ፣ ክብ የሆነ የፔኒ ሩብ፣ ወዲያውም ክብ የሆነ የፔኒ ግማሽ አወጡ፤ ስሙ ግሮት የሆነ የአራት ፔኒ ብርም ጨመሩ። የኤድዋርድ ፔኒ ክብደት 1.4 ግራም ያህል ነበር፤ ይህ ቍጥር ወደ ታች ስለሚያስፈልግ በቃል ቢያዝ መልካም ነው። የፔኒ ሩብ እጅግ ትንሽ ከመሆኗ የተነሣ በጣቶች መካከል የምትጠፋ ነበረች። ቢሆንም ከእርስዋ በታች ሌላ ገንዘብ አልነበረም። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የዳቦ ሕግ ዛሬ ለሰሚው ግራ የሚመስል ሥርዓት አቆመ፤ የዳቦው ዋጋ ሁልጊዜ አንድ ሩብ ፔኒ ሆኖ ይኖራል፣ ስንዴ ሲወደድ የዳቦው ክብደት ይቀንሳል፣ ሲረክስ ይጨምራል። ዋጋውን ለመቀነስ የሚያስችል ትንሽ ገንዘብ ባለመኖሩ የተቀነሰው እንጀራው ነው። የኢትዮጵያን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ባለ በርበሬዋም ዋጋዋን ሳትለውጥ ስፍሯን ታሳንስ የለምን?

መንግሥታት ለምን ትንሽ ገንዘብ አብዝተው አልመቱም የሚለው ጥያቄ ምላሹ ቀላል ነው። አንድ ፔኒ ለመምታት አንድ ዙር ሥራ ይበቃል፤ ያንኑ ብር በአራት ሩቦች ለመምታት አራት ጊዜ መመዘን፣ አራት ጊዜ መቍረጥ፣ አራት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ዋጋው ያው፣ ድካሙ አራት እጥፍ ነው። ብር ይዞ ወደ ገንዘብ ቤት የሚመጣውም ነጋዴ ትልቁን እንጂ ትንሹን አይፈልግም። ስለዚህ ትንሹን ገንዘብ የሚሻው ሕዝብ ወደ ገንዘብ ቤቱ አይደርስም፤ የሚደርሰው ሰው ደግሞ አይሻውም። እ.ኤ.አ. በ1402 የእንግሊዝ ፓርላማ ከሚመታው ብር ሢሶው በግማሽና በሩብ ፔኒ እንዲሆን የሚያዝ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሶአል። ሕጉ ግን ችግሩን አላጠፋም። ያን ጊዜ ከቬኒስ የሚመጡ መርከበኞች የአገራቸውን ትንንሽ ብር በሎንዶን ገበያ ላይ ይበትኑ ጀመር፤ መንግሥቱ ደጋግሞ ቢከለክልም ሕዝቡ የባዕዱን ትንሽ ብር ከመቀበል አልተመለሰም። የራሱ መንግሥት ያልሰጠውን ዝርዝር የሌላው መንግሥት ሰጠው።

ገንዘብን በማኅተምና በመዶሻ መምታት ለኢትዮጵያም እንግዳ ሥራ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለት ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። ብሩ ትንሽ ነው፤ በአንዳንዱም ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተለብጦበታል። የሚያስገርመው ግን ነሐሱ ነው። በአንዳንዱ የነሐስ ገንዘብ ላይ ይህ ለአገሩ ደስ ያሰኝ የሚል ትርጕም ያለው ጽሕፈት በግሪክኛ ይነበባል። ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ሲሆን፣ ነሐሱ ለገበያው ሕዝብ ነበር፤ ንጉሡም የሕዝቡን ደስታ የጠየቁት በወርቁ ላይ ሳይሆን በትንሹ ገንዘብ ላይ ነው። ይህ ሥራ ከተቋረጠ በኋላ ግን በአክሱምና በጎንደር አገር ከሺህ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ንጉሥ ስም የተመታ ገንዘብ አልታየም። በሐረር ብቻ አሚሮቹ መሐለቅ የሚባለውን ጥቃቅን ገንዘብ ያስመቱ ነበር።

ወደ ገላባት እንመለስ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ገበያውን የጦርነት ማዕበል ወረደበት። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የደርቡሾችን ጦር በመተማ ድል አድርገው ከተማዋን አቃጠሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ ዓንጃ በሳር ውኃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ተዋግተው ቆሰሉ፤ በዚያው ቍስል ዐረፉ። በዚህ ጊዜ ንግዱ ተሰበረ፤ የጎንደር ነጋዴ ወደ ቆላ መውረድ ፈራ።

በዚያው ዘመን በኦምዱርማን ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጥ ነበር። መህዲ በ1877 ዓ.ም. ካርቱምን ከያዘ በኋላ ያስመታው ወርቅና ብር ንጹሕ ነበር። ተከታዩ ኸሊፋ አብዱላሂ ግን በየጊዜው ከብሩ እየቀነሰ መዳብ ይጨምርበት ጀመር። በመጨረሻ የወጣው ታላሪ ላይ ላዩን ብቻ ብር የመሰለ መዳብ ነበር ማለት ይቻላል። በአንዱ ዓይነት ላይ ተቀባይነት ያለው ማለት የሆነው መቅቡል የሚለው የዓረብኛ ቃል ታትሞበታል፤ ገንዘብ ተቀባይነቱን በራሱ ላይ ጽፎ መለመን ሲጀምር ነገሩ ማለቁን ያስታውቃል። በኸሊፋው እጅ ለብዙ ዓመታት የኖረው ኦስትሪያዊው ስላቲን እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ነጋዴዎቹ ይህን ገንዘብ አንቀበልም ባሉ ጊዜ ከባድ ቅጣት ታወጀባቸው። ቅጣቱ ግን የዕቃውን ዋጋ አናረው እንጂ መዳቡን ብር አላደረገውም። ዐዋጁ የማይደርስበት ነጋዴ የማርያ ትሬዛን ዕንቍዎች መቍጠሩን ቀጠለ።

በኢትዮጵያ በኩል ዳግማዊ ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ እንደሚያወጡ አወጁ። ገንዘቡ የተመታው በፓሪስ ነው። ብሩ በክብደት ከጠገራው ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ ከእርሱ በታች አላድ፣ ማለት የብር ግማሽ፣ ሩብና ተሙን ወጡ። ከሁሉም በታች ያለችው ግርሽ የብር ሃያኛ ነበረች። ክብደትዋ 1.4 ግራም ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ንጉሥ በመዶሻ ካስመቱት ፔኒ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው አንበሳ አለባት፤ ጽሕፈትዋም በግዕዝ ፊደል ነው። የምኒልክ ትልቁ ብር ጠገራውን ከገበያ ማስለቀቅ አልቻለም፤ ሕዝቡ በለመደው ምስል ጸና። ትንሿ ግርሽ ግን ተፎካካሪ ጠገራ አልነበራትም። የምትወዳደረው ከጨው ጋር ነበር፤ ጨው ደግሞ ይሟሟል።

ግርሽ የሚለው ቃል ራሱ ረጅም መንገድ የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከፔኒ የሚበልጠውን ወፍራም ብር በላቲን ግሮሱስ፣ ማለት ወፍራሙ ይሉት ነበር። ከዚሁ ስም በእንግሊዝ አገር ግሮት፣ በጀርመንና በቦሄሚያ ግሮሽን ተባለ። ቱርኮች ኩሩሽ፣ ዓረቦች ቂርሽ አሉት፤ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግርሽ ሆነ። ታላሪም ከዚያው ከቦሄሚያ፣ እ.ኤ.አ. ከ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ትልቅ ብር ይመታበት ከነበረው ከዮአኪምስታል ሸለቆ ስሙን ያገኘ ነው። ስለዚህ የመተማ ገበያተኛ ሂሳቡን ሲናገር ሳያውቀው የአውሮፓን የገንዘብ ታሪክ ይናገር ነበር።

በኅዳር 1891 ዓ.ም. የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ገላባትን ያዘ። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ተወሰነ፤ ወንዙ ድንበር ሆነ፣ አንዱ ገበያ በሁለት ተከፈለ። ከወዲያ ማዶ የሚሠራበት የግብፅ ገንዘብ ሲሆን፣ አንዱ ፓውንድ 100 ግርሽ፣ አንዱ ግርሽም 10 ሚሊም ነው። ከወዲህ ደግሞ የምኒልክ ግርሽ አለ። በዚህ ቦታ ነገሩን ቆም ብሎ መመርመር ያስፈልጋል።

በዚያን ዘመን ከነበረው የግብፅ የብር ግርሽ ውስጥ አንዱ ክብደቱ 1.4 ግራም፣ የብሩም ንጽሕና ከሺህ 833 እጅ ነበር። የምኒልክ ግርሽ ክብደት ያው 1.4 ግራም፣ ንጽሕናውም 835 ነው። ስማቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ፣ ብራቸው አንድ። ሁለቱም የአንድ ትልቅ ብር ሃያኛ ናቸው፤ የግብፁም ሪያል 20 ግርሽ ነበርና። ዋጋቸው ግን አንድ አልነበረም። የግብፁ ግርሽ ከኋላው የወርቅ ፓውንድ አለ፤ መቶው አንድ ፓውንድ ነው ብሎ መንግሥቱ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ በውስጡ ካለው ብር በላይ ያወጣል። የኢትዮጵያው ብርና ግርሹ ግን የሚያወጡት በውስጣቸው ያለውን ብር ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ጀርመንና ሌሎችም መንግሥታት ብርን ትተው በወርቅ ስለ ተደላደሉ የብር ዋጋ በዓለም ወደቀ። በመቶ ዘመኑ ማብቂያ ጠገራ ብር ሁለት የእንግሊዝ ሽልንግ ያህል ሲያወጣ፣ 20 የግብፅ ግርሽ ከአራት ሽልንግ ይበልጥ ነበር።

ይህ ማለት በወንዙ በአንዱ ዳር አንዲት የብር ቅንጣት በሌላው ዳር ካለችው እኅትዋ ግማሽ ያህል ብቻ ታወጣለች ማለት ነው። ልዩነታቸው በብሩ ውስጥ አይደለም፤ ሚዛን አይለየውም፣ አንጥረኛም ቢያቀልጠው አያገኘውም። ያለው በጽሕፈቱ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ በዓረብ ፊደል፣ አንዱ በግዕዝ ፊደል። ጠገራውን በዕንቍው ቍጥር ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ግርሽን ከግርሽ ለመለየት ግን ፊደል ማወቅ፣ ወይም ፊደል የሚያውቅ ሰው ማመን ግድ ሆነ። የአንድ ቀን ማሽላ ለመግዛት የሚከፈለው በእነዚህ ጥቃቅን ብሮች ነውና፣ ባለማንበብ የሚመጣው ኪሳራ የሚወድቀው ትልቁን ብር በሚይዙት ላይ አልነበረም። የታሪክ መምህር የመንግሥት ክብርና የመንግሥት ብድር ምን እንደ ሆነ ለተማሪ ማስረዳት ቢፈልግ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ግርሾች የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ፣ 1923 ዓ.ም. የሚል ቍጥር ያለው የመዳብና የኒኬል መቶኛ ወጣ፤ አንድ ብርም 100 መቶኛ ሆነ። ኢጣሊያኖች አገሩን በያዙ ጊዜ ሊሬን ለማስለመድ ደከሙ፤ ሕዝቡ ወረቀቱን ስለ ጠላ እነርሱም ራሳቸው ከኦስትሪያ የማርያ ትሬዛን ማኅተም አስመጥተው በሮማ ይመቱ ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት ጓድ አርበኞችን ለመርዳት ከገላባት ጀርባ ካለችው ከዶካ ተነሥቶ ድንበሩን ሲሻገርም፣ በበቅሎ የጫነው ገንዘብ ይኸው ጠገራ ብር ነበር። ብሩ በ1780 ከሞቱት ንግሥት ስም አልወጣም፤ በዚያች ወሰን ግን ከማንኛውም ሕያው መንግሥት ወረቀት ይበልጥ ይታመን ነበር።

ከድል በኋላ ለጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ በኢትዮጵያ ተሠራበት። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ለሁለት ሽልንግ ልክ ሆነ፤ ስለዚህ ሕዝቡ የ50 ሳንቲሙን ገንዘብ ሽልንግ ብሎ ጠራው። ሽልንግ በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብነት የተመታው በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ በንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ዘመን፣ በእጅ መዶሻ ነው፤ የዚያ ብር ስም በኢትዮጵያ ገበያ አዲስ ባለቤት አገኘ። አዲሱ የ50 ሳንቲም ከሌሎቹ ሳንቲሞች ተለይቶ እውነተኛ ብር፣ ክብደቱም 7 ግራም ያህል ነበር። እንዲህ የተደረገው ሕዝቡ ጠገራውን ሲተው በእጁ ብር እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ጠገራውም ከሕጋዊ መገበያያነት ወጥቶ ወደ አንጥረኛ ቤት ሄደ፤ መስቀልና ድሪ፣ የእግር አልቦና የጆሮ ጕትቻ ሆነ።

ከእነዚሁ አዳዲስ ሳንቲሞች መካከል ስሙኒ የሚባለው የ25 ሳንቲም ከመዳብ የተሠራ ክብ ነበር፤ በስፋቱም ሽልንጉን ይመስላል። ብዙም ሳይቈይ ስሙኒውን በስስ ብር እየለበጡ በሽልንግ ዋጋ የሚያሳልፉ ተነሡ። መንግሥቱ ለዚህ የሰጠው መልስ አዲስ ዐዋጅ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የስሙኒውን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ጥርስ አውጥቶ በአዲስ ቅርጽ አስመታው፤ ከዚያ በኋላ ብርሃን በሌለበት ሱቅ ውስጥ እንኳ ገበያተኛው በጣቱ ዳስሶ ስሙኒውን ከሽልንጉ መለየት ቻለ። በሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ግን፣ ልክ እንደ ጠገራው 1780፣ አልተለወጠም፤ ጥርሳሙም ስሙኒ እንደ ክቡ ሁሉ 1936 የሚለውን ቍጥር ይዞ ወጣ።